ልጆቹ የወሰዱት ዘፈን

ሮጀር ዋተርስ ገና የአምስት ወር ሕፃን ሳለ አባቱ ጣሊያን ውስጥ አንዚዮ ላይ በጦርነት ወደቀ። ካደገ በኋላ ደግሞ ካምብሪጅ የተማረበት የወንዶች ትምህርት ቤት ሌላ ቂም ጨመረለት፤ ከመምህራኑ አንዳንዶቹ የተቀጠሩት ልጅ ለማሸማቀቅ ይመስል ነበር። ዋተርስ የነበረበት የሮክ ቡድን ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው «ዘ ዎል» አልበም ውስጥ እነዚህ ቁስሎች አንድ በአንድ ጡብ እየሆኑ ባለታሪኩን ከሰው የሚለይ ግንብ ይሠራሉ። «አናዘር ብሪክ ኢን ዘ ዎል» የተባለው ዘፈን ክፍል ሁለት የመምህሩ ጡብ ነው። ግጥሙ ትምህርት አያስፈልገንም ስለሚል፣ ዋተርስ ጠቡ ከትምህርት ሳይሆን ከእንዲህ ዓይነት መምህር ጋር መሆኑን ደጋግሞ ቢያስረዳም፣ ብዙ ሰሚ አላገኘም።

በዚህ ቢቀር ኖሮ የአንድ ሰው እሮሮ ነበር።

የመጀመሪያው ቅጂ አንድ አንጓ ብቻ የነበረው አጭር ነገር ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቦብ ኤዝሪን የዲስኮ ምት አስገባበት፤ ሁለተኛውን አንጓ ልጆች እንዲዘፍኑትም አሰበ። ቡድኑ ሎስ አንጀለስ ሲቀዳ፣ ለንደን የነበረው የድምፅ ባለሙያ ኒክ ግሪፊትስ ከቡድኑ የለንደን ስቱዲዮ አጠገብ ወዳለው ኢዝሊንግተን ግሪን ትምህርት ቤት ሄደ። የሙዚቃ መምህሩ አለን ሬንሾ 23 ተማሪዎች ይዞ መጣ። ልጆቹ የተፈለጉት ለኳየር ዜማ አልነበረም፤ በሠፈራቸው አነጋገር፣ ለእረፍት እንደወጣ ተማሪ ጮኹ። ድምፃቸው ደጋግሞ ሲደራረብ አንድ ክፍል ልጅ የአንድ ከተማ ልጅ መሰለ። ርዕሰ መምህርቷ ግጥሙን ስታውቅ ደነገጠች፤ ልጆቹ ቴሌቪዥን ላይ እንዳይታዩም ከለከለች። በቪዲዮው የታዩት ሌሎች ናቸው።

ዘፈኑ ትልቁን ትርጉሙን ያገኘው ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት ለነጭ ተማሪ የሚመድበው ገንዘብ ለጥቁር ከሚመድበው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በ1980 ኬፕ ታውን ላይ «ከለርድ» (ቅይጥ ዘር) ተብለው የተመደቡ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ሲወጡ ይህንኑ ዘፈን መፈክር አደረጉት። መንግሥት በዚያው ዓመት ግንቦት ወር አገደው። የእንግሊዝ ተቺዎች የስንፍና መዝሙር ሲሉት፣ ሳንሱሮቹ የሚናገረውን በደንብ ሰምተውታል።

የለንደኖቹ ልጆችስ? ትምህርት ቤቱ 1,000 ፓውንድ አገኘ፤ እነሱ ከሽያጩ ምንም አልደረሳቸውም። በ2004 አንዳንዶቹ፣ አዋቂ ሆነው፣ ድርሻቸውን ጠየቁ። ከነሱ ጩኸት ውጭ ዘፈኑ ያን ያህል አይሄድም ነበርና፣ ይገባቸዋል።