በርና ባር፦ ማዕዘናዊው ፊደል ከጋይንት ጸሐፍት ምን ይማራል?



በማስታወቂያ ሰሌዳዎችና በኮምፒውተር ገጾች ላይ አንድ ዓይነት ፊደል እየተዘወተረ መጥቷል፤ ወፍራም፣ ክቡ በማዕዘን የተተካ፣ ከብረት የተቆረጠ የሚመስል፣ የፋብሪካንና የመጪውን ዘመን መልክ የያዘ። «ይህ የእኛ ፊደል አይደለም» የሚል ወቀሳ ይሰማል። ወቀሳው ያለ ቦታው ያረፈ ይመስለኛል።

ማዕዘን ለግእዝ ፊደል እንግዳ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የንጉሥ ዒዛና ጽሑፎች በአክሱም የተቀረጹት በድንጋይ ላይ ነው፤ መሮ ደግሞ ቀጥተኛ መሥመርን ይወዳል። የአናባቢ ምልክቶችም የታዩት በዚያው ንጉሥ ዘመን ነው። በጥንታዊዎቹ የብራና መጻሕፍትም ማዕዘኑ ጎላ ብሎ ይታያል፤ ፊደሉን ቀስ በቀስ ያለዘበው መቃ ብዕር ነው።

አደጋው ያለው በፊደሉ እግር ላይ ነው። በ፣ ባ እና ቦ የሚለዩት በእግራቸው ርዝመት ብቻ ነው፤ በግእዙ ሁለቱ እግሮች እኩል ናቸው፤ በራብዑ ግራው ያጥራል፤ በሳብዑ ቀኙ። እግሩን ሁሉ በአንድ መሥመር የሚቆርጥ ነዳፊ «በር»ን ከ«ባር» ያደባልቃል። የላቲን ፊደል ይህ ሸክም ስለሌለበት ከእርሱ የተቀዳ ንድፍ ሳይመረመር ለእኛ አይሆንም።

ምን ሊቆረጥ፣ ምን ሊቀር እንደማይገባ ለማወቅ ወደ ጋይንት እንሂድ። በዚያ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያዎች ናቸው። በድጓ ገጽ ላይ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ከየመሥመሩ በላይም ከእርሱ ያነሱ የዜማ ምልክቶች ይሰፍራሉ። ቦታው እጅግ ጠባብ ቢሆንም ጸሐፊው የአንዱን ሆሄ እግር ከሌላው ጋር አያመሳስልም፤ ሆሄው ከተዛባ ንባቡ ይዛባል፤ ንባቡ ከተዛባ ዜማው መቆሚያ ያጣል። የብራና ጥናት ሊቃውንት ጉልሕና ረቂቅ የሚሏቸው የአጻጻፍ ስልቶችም ይህንኑ ያስረዳሉ፤ መጠኑና ውፍረቱ ይለዋወጣል፤ መለያው ግን አይነካም።

የማተሚያ መሣሪያም መጀመሪያ ይህንን አልዘነጋም። በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ፊደል በሮም ሲታተም፣ አሳታሚው ጀርመናዊ ዮሐንስ ፖትከን ቋንቋውን የተማረው በዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ነው። ፊደሉ ወደ ማተሚያ የገባው የሚያነቡት ሰዎች ተጠይቀው ነው ማለት ነው።

ዛሬ በነፋስ መውጫ፣ በስማዳ ወገዳ ወይም በእስቴ መካነ ኢየሱስ የሱቅ ሰሌዳ የሚነድፍ ወጣት ከድጓ ጸሐፍት አገር ሳይወጣ የሚሠራ ነው። ኮምፒውተሩ ማዕዘኑን ይሰጠዋል፤ የትኛው እግር ማጠር እንዳለበት ግን የሚያውቁት እነዚያ ጸሐፍት ናቸው። የፊደል ንድፍን የምታጠኑ ተማሪዎቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሥራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ለአንድ ብራና ጸሐፊ አሳዩት፤ «ይህ ባ ነው ወይስ በ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ወደ ንድፋችሁ ተመለሱ።