የትምህርት ልሳን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እስከ ሐዋሳ

ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት፥ ከእርሱ አስቀድሞ እንደ ተመሠረተው እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሁሉ፥ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይሰጡበት ነበር፤ ነገር ግን የጅቡቲው ምድር ባቡርና የውጭው መጻጻፍ በፈረንሳይኛ ይካሄዱ ስለ ነበረ፥ የዘመናዊ ሊቅነት ምልክት ሆኖ የሚታየው ይኸው ልሳን ነበረ። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ የእንግሊዝ ተጽዕኖ ሲበረታ ሚዛኑ ተገለበጠ፤ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ልሳን ሆነ፥ ፈረንሳይኛም ወደ ሊሴ ገብረ ማርያም ቅጥር ተሰበሰበ። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማት፥ የጀስዊት ማኅበር አባልና ፈረንሳይኛን ከእናታቸው ጡት ጋራ የጠቡ ካናዳዊ ሲሆኑ፥ ትምህርቱ የተሰጠው ግን በእንግሊዝኛ ነበረ። ልሳኑን የመረጠው እንግዲህ የዘመኑ የመንግሥታት ግንኙነት እንጂ የመምህሩ አፍ ወይም የተማሪው ቤት አልነበረም።

በዚያችው በካናዳ፥ በኒው ብራንስዊክ፥ አካዲያውያን የሚባሉት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ብዙ ዘመን ከደከሙ በኋላ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 የሞንክተንን ዩኒቨርሲቲ አገኙ፤ በ1969 ሁለቱ ልሳናት በሕግ ተስተካከሉ፤ በ1978 ደግሞ የእንግሊዞችን የጋራ ሕግ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር የሕግ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የአካዲያዊው ልጅ ፊደል የቆጠረበትን ልሳን ሳይለቅ ጠበቃ እስከ መሆን ይደርሳል ማለት ነው።

ከካናዳ ወደ አገራችን፥ ወደ ሐዋሳ እንምጣ። ከሰዓት በኋላ፥ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፥ በፒያሳ መጻሕፍትና ደብተር በሚሸጥባቸው ሱቆች ደጃፍ፥ የአንዱ ልጅ መጽሐፍ በላቲን ፊደል የተጻፈ የሲዳማ ልሳን፥ ሲዳሙ አፎ፥ የሌላው በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፥ የታላቅ እኅቱ ደብተር ደግሞ ከሰሌዳ የተገለበጠ እንግሊዝኛ ሆኖ ይገኛል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ልሳናቸው እንዲማሩ መፍቀዱ፥ ፍትሕም ጥበብም ያለበት ውሳኔ ነበረ፤ ይሁን እንጂ መሰላሉ ከመካከሉ ተቆርጧል፥ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉ ነገር እንግሊዝኛ ነውና። ሐዋሳ የነበረችበት የቀድሞው ደቡብ ክልልማ በዚያው ፖሊሲ ዘመን ይህን ሽግግር ወደ አምስተኛ ክፍል አውርዶት ነበር።

በአንድ የዘጠነኛ ክፍል ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህሩ ማስታወሻውን በጠመኔ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ መልሶ በአማርኛ ያብራራል፤ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ አጠገቡ ላለው በሲዳሙ አፎ ይደግምለታል። በዚህች ሰዓት ትምህርቱ ለሁለቱም ልጆች ገብቷቸዋል። ፈተናው ሲመጣ ግን መልሱ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሚጠየቅ፥ የገባው ልጅ መግለጫ አጥቶ ዝም ሲል፥ ሳይገባው የሸመደደው ያልፋል። መምህሩን ልሳን ቀላቀልህ ብለው የሚወቅሱት ይበድሉታል፤ እርሱ ማንም ያልሠራለትን ድልድይ በቃሉ እየሠራ ነው።

እንግሊዝኛ ይውጣ አልልም፤ ከዓለም ዕውቀት የሚያገናኘን እርሱ ነው። ነገር ግን በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፥ ዛሬ ሲዳሙ አፎን እንደ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር ክፍል ካለው፥ የሒሳብና የሳይንስ መምህራንን ለዚህ ለሦስት ልሳን ክፍል የማያዘጋጅበት ምክንያት አይታየኝም። የዘጠነኛ ክፍል የሳይንስ ቃላትን በሦስቱ ልሳናት ጎን ለጎን የሚያሰፍር መዝገበ ቃላት ይዘጋጅ፤ በትምህርት ቤት ፈተናም፥ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት፥ ተማሪው በሚችለው ልሳን ቢመልስ ማርኩ አይቀነስበት።