ኤምኬኖድ
ኤምኬኖድ በዩኒክስና በሊኑክስ ልዩ የመሣሪያ ፋይል የሚፈጥር ትእዛዝ ነው። ፋይሉ መረጃ አያከማችም፤ ፕሮግራሞችን በከርነሉ (በሥርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ካለው የመሣሪያ ድራይቨር ጋር ያገናኛል። ተጠቃሚው ስም፣ ዓይነትና ሁለት ቁጥሮች ይሰጣል። «ሲ» የቁምፊ፣ «ቢ» የብሎክ መሣሪያ ነው፤ ዋናው ቁጥር ድራይቨሩን፣ ንዑሱ ደግሞ መሣሪያውን ይለያል። የተጻፈበትን ሁሉ የሚጥለው «ነል» በሊኑክስ «ሲ»፣ 1 እና 3 ነው። የመሣሪያ ፋይል ለመፍጠር የሩት (የሥርዓቱ ዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን ያስፈልጋል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ የዲስክ ፋይል ፈጥሮ መክፈት የቻለ ሰው የፋይል ፈቃዶችን ሁሉ አልፎ ዲስኩን ማንበብ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2009 በሊኑክስ 2.6.32 ዴቭቲኤምፒኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ከገባ ወዲህ ከርነሉ የመሣሪያ ፋይሎቹን ራሱ ይፈጥራል። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ስፍራ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ፣ ትእዛዙን በቨርቹዋል ማሽን ላይ ሞክሩት።