«ማን ቀደመ?» የሚለው ክርክርና የፊደላችን ቁጥር

ራስ ዳሸን የሚገኘው በየዳ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ከደባርቅ ተነስቶ የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ ነው የሚደረስበት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግን ዳሸን የሚለው ስም አሜሪካ ውስጥም ነበር። መሐንዲሱ አቶ ፍስሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግ ባሉት ድርጅታቸው በኩል በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሩ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ገደማ ኮሎራዶ የሚኖሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር አበራ ሞላም የራሳቸውን ይዘው መጡ። «ማን ቀደመ?» የሚለው ንትርክ እስካሁን አልበረደም።

ንትርኩ ዋናውን ችግር ሸፍኖታል። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የእንግሊዝኛው «ኤ» 65 ነው። የአሜሪካኖቹ ሠንጠረዥ መጀመሪያ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ በኋላ ቢሰፋም 256 ነው። የእኛ 33 ሆሄያት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነ ሏ እና ቧ፣ እነ ፩ እና ፪፣ አራት ነጥቡና ነጠላ ሰረዙ ሲታከሉበት ቦታው አይበቃም። አንዱ ባለሙያ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ዲቃሎቹን ጣለ። ቁጥሩንም ሁሉም በየፊናው ሰጠ። ስለዚህ አንድ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ያው ፎንት በሌለበት ሌላ ቢሮ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር።

በ1990ዎቹ እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛን በላቲን ፊደል ወክሎ በኢሜይል መላኪያ ሥርዓት አወጡ። ስሙ ሴራ ነው (ክፉ ሴራ አልነበረም)።

መፍትሔው የመጣው በ1999 ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። «ሀ» 4608ኛ ሆነች፤ ራስ ዳሸን 4620 ሜትር ነው ሲባል ለኖረ ተማሪ የምትረሳ ቁጥር አይደለችም። ከዚያ ወዲህ ጎንደር የተጻፈው ዋሽንግተን ይነበባል። ቀዳሚነት ክብር አለው፤ ሆኖም ከዚህ ቀን በፊት አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ጽሑፍ በራሱ ማንበብ ብዙውን ጊዜ አይችልም ነበር።

ዶክተር አበራ በ2015 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሲያገኙ ክርክሩ እንደገና ጋለ። መብቱ ግን የአተያየብ ዘዴው ላይ እንጂ ፊደሉ ላይ አይደለም። ይህን ሳይለዩ የሚሟገቱ ብዙ ናቸው።

በዚህ ሁሉ መሃል ሌላው ሥራ ያለ ጩኸት ቀጥሏል። በ2005 የብሌንና የሰባት ቤት፣ በ2010 የጋሞና የባስኬቶ፣ በ2021 ደግሞ ተጨማሪ የጉራጊኛ ፊደላት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል።