ከበቅሎ እስከ ሚኒባስ፦ ቅድሚያ የማን ነው?

ነቀምቴ ውስጥ ብስክሌት ነድታችሁ ታውቃላችሁ? ካልነዳችሁ ልንገራችሁ። ዳገቱን ላብ በላብ ሆናችሁ ትወጣላችሁ፤ ቁልቁለቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ትወርዳላችሁ። እስከዚህ ምንም አይደል። ነገር የሚመጣው መስቀለኛው መንገድ ላይ ነው። ከኋላችሁ የነበረ ሚኒባስ ይቀድማችሁና ያለ ፍሬቻ ወደ ቀኝ ይታጠፍባችኋል። እናንተ እኮ ቀጥታ እየሄዳችሁ ነበር! ከተረፋችሁ ስድብ ይከተላል፦ «አታይም እንዴ?» ይህን የሚላችሁ ደግሞ እሱ ነው።

ከተማዋ ራሷ መስቀለኛ መንገድ ናት። የአዲስ አበባና የአሶሳ፣ የቡሬና የበደሌ መንገዶች እዚህ ይገናኛሉ። እንደ ኑኑ ቁምባ ካሉ የምሥራቅ ወለጋ ወረዳዎች የሚመጣውም ሰው፣ የጭነት መኪናውም፣ ባጃጁም እዚሁ ይጋፋል። በግፊያው መሃል ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፦ ትልቁ ይለፍ!

ይህን ሕግ ማን አወጣው? ማንም። እኔ ግን ዕድሜው ከመኪና ይበልጣል ባይ ነኝ። ድሮ መኳንንት በበቅሎ ሲጓዙ ከፊት የሚሮጡት አሽከሮች መንገደኛውን ገለል ያደርጉ ነበር። ባለ በቅሎም ከሱ የሚበልጥ ሰው ሲገጥመው ወርዶ እጅ ይነሳል። ቅድሚያ የማዕረግ እንጂ የቀኝና የግራ ጉዳይ አልነበረም።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባና ለዐፄ ምኒልክ አስረከበ። አስቡት፤ መኪና አገራችንን የተዋወቀችው ቤተ መንግሥት ገብታ ነው። የበቅሎዋን ማዕረግ ወረሰች፤ ክላክሷም የአሽከሩን «ዞር በል!» ተካ።

ብስክሌትም ቢሆን የክብር ቀን ነበራት። ኢትዮጵያ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትወዳደር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር። ቡድኑ በጎዳና ውድድር 9ኛ ወጣ።

ከዚያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. መጣ። የዚያን ዕለት አገሩ በሙሉ በግራ መንዳቱን ትቶ ወደ ቀኝ ዞረ። ብስክሌተኛውም የቀኙን ጠርዝ ያዘ። አደጋው ግን አብሮት ተሻገረ፤ ድሮ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ይቆርጠው የነበረው፣ አሁን ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ይቆርጠው ጀመር።

ጉዳዩ የስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ባለመኪና ምንም ጥፋት ባይሠራም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሞተር የሌላት ብስክሌት ይህ ሸክም የለባትም። የትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 468/1997ም ብስክሌትን ከተሽከርካሪ ዓይነቶች አንዷ አድርጎ ቆጥሯት ነበር። መንገዱ ላይ እንግዳ አይደለችም ማለት ነው።

ታዲያ ብስክሌተኛው አሸነፈ? ቆይ! አንቀጽ 2086 አንድ በር ይከፍታል፦ ጉዳቱ በሙሉም ሆነ በከፊል የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ከሆነ ባለመኪናው ከኃላፊነት የሚያመልጥበት መንገድ አለ። በዚህ በር የሚገባው ጥያቄ ደግሞ የኛው ጥያቄ ነው፦ መስቀለኛው ላይ ቅድሚያ የማን ነበር? እግሩ የተሰበረ ልጅ የሕክምና ወጪውን የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በዚህ መልስ ነው።

መልሱን የሚሰጠው ማነው? ብዙ ጊዜ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ነው። ሰውየው ያየው መኪናዋ ስትታጠፍ ነው። በልቡ ያለው ግን የበቅሎው ዘመን ሕግ ከሆነ ምን ብሎ ይመሰክራል? «ልጁ ነው የገባባት።» አይዋሽም እኮ! እንደዚያ ነው የታየው። የተጻፈው ሕግ በብስክሌተኛው ወገን ቆሞ ሳለ ያልተጻፈው የሚረታው እንዲህ ነው።

እናም ወዳጆቼ፣ መስቀለኛ መንገድ ዳር በቆማችሁ ቁጥር የተሽከርካሪውን ትልቅነት ሳይሆን ማን ቀጥታ እንደሄደ፣ ማን እንደታጠፈ ልብ ብላችሁ እዩ። አንድ ቀን ለምስክርነት ትፈለጉ ይሆናል።