ስም አልባው ሸክላ፦ የኒው ኦርደር አድናቂዎች ትዝታ ከማንችስተር እስከ ዛሬ

የእንግሊዙ ኒው ኦርደር ስለ ራሱ መናገር የማይወድ ባንድ ነበር። በ1980ዎቹ ካሳተማቸው ሸክላዎች የብዙዎቹ የፊት ሽፋን የባንዱን ስም አልያዘም፤ የአባላቱም ፎቶ የለበትም። መድረክ ላይ ሙዚቀኞቹ ከታዳሚው ጋር እምብዛም አያወጉም ነበር፤ ሕዝቡ «ይደገም!» እያለ ቢጮህም አብዛኛውን ጊዜ ተመልሰው አይወጡም። ከዘመኑ የእንግሊዝ ባንዶች መካከል ግን የአድናቂዎቹን ፍቅርና ትዝታ በዚህ መጠን ይዞ የዘለቀ ብዙ አይገኝም። ሁለቱ ነገሮች የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው፤ ባንዱ ባዶ የተወውን ስፍራ አድማጩ በራሱ ዕድሜ፣ በራሱ ከተማና በራሱ ሌሊቶች ሞላው። ይህ ቅኝት ያ ትዝታ እንዴት እንደተጠራቀመ፣ እንዴት እንደተጋነነና በመጨረሻም እንዴት የከተማ ቅርስ እንደሆነ በዘመን ቅደም ተከተል ይመለከታል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መነሻው ማንችስተር ነው። ብዙው አንባቢያችን ከተማዋን የሚያውቃት በእግር ኳስ ክለቦቿ ቢሆንም፣ ቀደም ባለው ዘመን ስሟ በዓለም የናኘው በጥጥ ነበር። በ1970ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪዋ ተዳክሞ መጋዘኖቿ ወና ቀርተዋል። በዚህች ከተማ፣ ጁን 4 ቀን 1976፣ ሴክስ ፒስቶልስ የተባለው የፓንክ ባንድ ሌሰር ፍሪ ትሬድ ሆል በተባለ ትንሽ አዳራሽ ተጫወተ። ከታዳሚዎቹ መካከል በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ የሚባሉ ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ነበሩ። ሁክ በማግሥቱ ቤዝ ጊታር ገዛ። የዚያ ምሽት ታዳሚ ጥቂት ደርዘን ሰው ብቻ እንደነበረ በሰፊው ይነገራል፤ «እኔም እዚያ ነበርኩ» የሚለው ሰው ቁጥር ግን ከዓመት ዓመት እያደገ ሄዶ የከተማው ቀልድ ሆነ፤ መጽሐፍም ተጽፎበታል። ስለዚህ የኒው ኦርደር ታሪክ ገና ባንዱ ሳይወለድ፣ ባልተገኙበት ቦታ ተገኝተናል በሚሉ ሰዎች ትዝታ ይጀምራል ማለት ይቻላል።

ከዚያ ምሽት የተወለደው ባንድ ጆይ ዲቪዥን ነው። ኢያን ከርቲስ በድምፅ፣ ስቲቨን ሞሪስ በድራም ተቀላቀሉ። ባንዱ «አንኖውን ፕሌዠርስ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን በ1979 በፋክቶሪ ሬከርድስ በኩል አወጣ። ፋክቶሪን የመሠረቱት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ቶኒ ዊልሰንና አለን ኢራስመስ ሲሆኑ፣ የድርጅቱን ገጽታ የቀረጸው ግራፊክ ዲዛይነሩ ፒተር ሳቪል ነው። ሜይ 18 ቀን 1980፣ የመጀመሪያው የአሜሪካ ጉዟቸው ሊጀመር ሲል፣ ከርቲስ በሃያ ሦስት ዓመቱ ራሱን አጠፋ። የቀሩት ሦስቱ ከመካከላቸው አንድ ሰው ቢጎድል ስሙን ላለመጠቀም አስቀድመው ተስማምተው ነበርና ቃላቸውን ጠበቁ። ኒው ኦርደር ተብለው እንደገና ተነሡ፤ ጊሊያን ጊልበርት በኪቦርድና በጊታር ተጨመረች፤ ሰምነርም ሳይወድ በግድ ዘፋኝ ሆነ። የመጀመሪያው አልበማቸው «ሙቭመንት» (1981) ገና ከሐዘን ቤት ያልወጡ ሰዎች ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ መታጠፊያ የመጣው ከኒው ዮርክ ነው። የአሜሪካ ጉዞዎቻቸው ከዳንስ ክለቦች ጋር አስተዋወቋቸው፤ በዚያ የሰሙት የኤሌክትሮኒክ ድምፅ፣ ከአውሮፓ ዲስኮና ከጀርመኑ ክራፍትቨርክ ጋር ተዳምሮ፣ የሐዘኑን ሙዚቃ እግር አበጀለት። ማርች 7 ቀን 1983 የወጣው «ብሉ መንዴይ» የዚህ ውጤት ነው። ነጠላ ዜማ በአማካይ ከሦስትና ከአራት ደቂቃ በማያልፍበት ዘመን ይህ ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ አዝማች የሚባል ነገር የለውም፤ ገበያ ላይ የዋለውም በባለ 12 ኢንች ሸክላ ብቻ ነው። ድራም ማሽኑ እየተንተባተበ ሲጀምር ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ጭፈራው ይሞላል። በላዩ ላይ የሁክ ቤዝ ይመጣል። ሁክ ቤዙን ከፍ ባለው ድምፅ በኩል የመጫወት ልማድ ያመጣው፣ በጆይ ዲቪዥን ዘመን የሰምነር ጊታር ጩኸት የራሱን ድምፅ ስለሚውጥበት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ በኒው ኦርደር ዘፈን ውስጥ ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ቤዙ ነው፤ አድናቂው በአፉ የሚያንጎራጉረውም ከግጥሙ ይልቅ እሱን ነው።

ለትዝታ ግን ከድምፁ ያላነሰ ድርሻ ያለው ዕቃው ነው። ሳቪል የ«ብሉ መንዴይ»ን ሽፋን በፍሎፒ ዲስክ አምሳል ቀርጾ ቀዳዳ አወጣለት፤ የባንዱንና የዘፈኑን ስም በቀለም ኮድ ደበቀው። የኮዱ መፍቻ የተቀመጠው በዚያው ዓመት በወጣው «ፓወር፣ ኮራፕሽን ኤንድ ላይስ» አልበም የጀርባ ሽፋን ላይ ነበር፤ በፊቱ ደግሞ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሠዓሊ የፋንታን ላቱር የጽጌረዳ ሥዕል አለ። ሸክላውን ከሱቅ ገዝቶ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ የሚመለስ ወጣት በጉልበቱ ላይ የያዘው ስም የሌለው ነገር ነው። ኮዱን የፈታው ራሱን ከምሥጢረኞቹ እንደ አንዱ ይቆጥራል። ሽፋኑን ማምረት ውድ ከመሆኑ የተነሣ ፋክቶሪ በእያንዳንዱ ሸክላ ይከስር ነበር የሚለው ወሬም ከዚሁ ጋር ይተረካል። የኪሳራው መጠን እንደ ተራኪው ይለያያል። አድናቂዎች ግን ይህን ታሪክ በኩራት ነው የሚያወሩት፤ በእንግሊዝ ገበያ ከባለ 12 ኢንች ነጠላ ዜማዎች ሁሉ ይበልጥ የተሸጠው ሸክላ ባለቤቶቹን አከሰረ መባሉ ለዚህ ባንድ ምርቃት እንጂ እርግማን አይደለም።

ሁለተኛው የትዝታ ማደሪያ ሕንፃ ነው። ሜይ 21 ቀን 1982 ፋክቶሪና ኒው ኦርደር ቀድሞ የጀልባ መሸጫ የነበረ አዳራሽ ወደ ዳንስ ክለብ ለውጠው «ሃሲየንዳ» አሉት። የውስጥ ዲዛይነሩ ቤን ኬሊ ምሰሶዎቹን ፋብሪካ ውስጥ ለአደጋ ማስጠንቀቂያ በሚቀባው ቢጫና ጥቁር መስመር አስዋበ። ለሚያደርገው ሁሉ የካታሎግ ቁጥር መስጠት የሚወደው ፋክቶሪ ክለቡንም 51 ብሎ መዘገበው። ዛሬ ስለ ሃሲየንዳ የሚያወሩ ሰዎች የሚያስታውሱት ከ1988 ወዲህ ያለውን ነው፤ የቺካጎ ሃውስ ሙዚቃና አሲድ ሃውስ ደርሰው፣ ላቡ ከጣሪያው የሚንጠባጠብበትን ዘመን። ከዚያ በፊት ክለቡ ለዓመታት ቀዝቃዛ፣ ድምፁ የሚያስተጋባና በብዙ ምሽቶች ባዶ እንደነበር ትዝታው ዘልሎት ያልፋል። የሞላበትም ዘመን ቢሆን ገንዘብ አላመጣም፤ ጨፋሪው ኤክስታሲ በተባለው አደንዛዥ ዕፅ ስለሚመረቅን ከመጠጥ ይልቅ ውኃ ይፈልግ ነበር። ጉድለቱን የሸፈነው የኒው ኦርደር የሸክላ ገቢ ነው። ሁክ በኋላ ስለ ክለቡ በጻፈው መጽሐፍ ክለብ እንዴት እንደማይተዳደር አሳያለሁ ማለቱ የተገባ ነው።

እስከዚህ ያለውን ስንጠቀልለው፣ በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ሦስት ነገሮች ተከማችተዋል፦ የሞተ ጓደኛ፣ ስም አልባ ሸክላና ኪሳራ ያጠቃው ክለብ። ከእነዚህ አንዱም በተለመደው የዝና መንገድ የተገኘ አይደለም። ከአትላንቲክ ማዶ ያለው አድናቂ ግን መንገዱ ሌላ ነበር። የአሜሪካ ወጣት ባንዱን ያገኘው በኮሌጅ ራዲዮ፣ በ1986 «ፕሪቲ ኢን ፒንክ» በተባለው ፊልም ሙዚቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነጠላ ዜማዎቹን በአንድነት በሰበሰበው «ሰብስታንስ» (1987) ነው። ለእንግሊዙ አድናቂ ዓመት በዓመት የተለቀመው ነገር ለአሜሪካዊው በአንድ ቀን እጁ ገባ።

ቀጥሎ የመጣው ከፍታ ነው። ከፊሉ በኢቢሳ ደሴት የተሠራው «ቴክኒክ» በ1989 መጀመሪያ በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ። በ1990 ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ሆነ፤ ለጣሊያኑ የዓለም ዋንጫ ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጋር «ወርልድ ኢን ሞሽን»ን ሠሩ። ራፑን ያወረደው የሊቨርፑሉ ጆን ባርንስ ነው። ዘፈኑ በእንግሊዝ የሰንጠረዡ አናት ላይ የወጣ ብቸኛው ነጠላ ዜማቸው ሆነ፤ ቡድኑም ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በምዕራብ ጀርመን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሶ ብቻውን ያዳምጥ የነበረው አድናቂ ባንዱን ከኳስ ተመልካች ጋር መጋራት ግድ ሆነበት። አንዳንዱ እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም። በእኔ ግምት ግን የዚያ ክረምት ትዝታ ከሁሉም ንጹሑ ነው፤ ማንም ከማንም የተሻለ አዋቂ ሳይሆን የተካፈለው ነውና።

ውድቀቱም ለመምጣት ብዙ አልቆየም። ፋክቶሪ በ1992 መጨረሻ ከሰረ፤ በ1993 «ሪፐብሊክ» በሌላ አሳታሚ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ከሬዲንግ ፌስቲቫል በኋላ አራቱ ሳይሰናበቱ ተለያዩ። ሃሲየንዳ በ1997 ተዘጋ። ባንዱ በ1998 በሥራ አስኪያጁ በሮብ ግሬተን ግፊት ተመልሶ ማንችስተር አፖሎ ላይ ሲጫወት፣ ለዓመታት እምብዛም የማይነካቸውን የጆይ ዲቪዥን ዘፈኖች አነሣ። ለቆዩት አድናቂዎች ይህ የታመቀ ሐዘን በይፋ የወጣበት ምሽት ነበር። ግሬተን በማግሥቱ ዓመት ዐረፈ።

ከዚህ በኋላ ትዝታው ከአድናቂው እጅ ወጥቶ የተቋማት ንብረት መሆን ጀመረ። የሃሲየንዳ ሕንፃ በ2002 ሲፈርስ በቦታው የመኖሪያ አፓርታማ ተሠራ፤ ስሙም ያው ሃሲየንዳ ተባለ። በዚያው ዓመት የማይክል ዊንተርቦተም «24 አወር ፓርቲ ፒፕል» ፊልም የፋክቶሪን ታሪክ ከነተረቱ ለዓለም አቀረበ። ቶኒ ዊልሰን በ2007 ሲሞት የሬሳ ሣጥኑ የመጨረሻው የፋክቶሪ ቁጥር ተሰጠው፤ 501። ሰምነር፣ ሁክና ሞሪስ እያንዳንዳቸው የሕይወት ታሪካቸውን ጻፉ፤ ትረካዎቹም በብዙ ቦታ አይገናኙም። የከተማው የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም የፋክቶሪን የመጀመሪያ ዓመታት ኤግዚቢሽን አደረገ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የክለቡ ዲጄዎች ከኦርኬስትራ ጋር ሆነው የቀድሞዎቹን የዳንስ ዜማዎች ወንበር ባላቸው አዳራሾች ያሰማሉ። ያኔ እስኪነጋ የጨፈረው ሰው አሁን ለሕፃናት ጠባቂ ቀጥሮ ነው የሚመጣው።

በሌላ በኩል የባንዱ ቤት ለሁለት ተከፈለ። ሁክ በ2007 ተለየ፤ የቀሩት በ2011 ያለ እሱ ተነሡ፤ ቀደም ሲል ተለይታ የነበረችው ጊልበርትም አብራ ተመለሰች። በሁክና በቀሩት መካከል የተነሣው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ በ2017 በስምምነት አለቀ። ዛሬ ሁክ ዘ ላይት ከሚባለው ባንዱ ጋር የጆይ ዲቪዥንንና የኒው ኦርደርን አልበሞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወታል፤ ኒው ኦርደር ደግሞ በ2015 «ሚዩዚክ ኮምፕሊት»ን አውጥቶ፣ በ2021 በማንችስተር ሂተን ፓርክ በገዛ ከተማው ሕዝብ ፊት ቆሟል። አድናቂው የሚወደው ቤዝ በአንዱ መድረክ፣ የሚወደው ድምፅ በሌላው ነው። ጥቂቱ ወገን ይዞ ይሟገታል። ብዙው ግን ሁለቱንም ትኬት ይቆርጣል፤ አጠገቡ የሚቆመውም ብዙ ጊዜ የ«አንኖውን ፕሌዠርስ» ሽፋን የሆነው የአንድ ኮከብ የራዲዮ ሞገድ የታተመበት ቲሸርት የለበሰ፣ አልበሙ ሲወጣ ወላጆቹ እንኳ ገና ልጆች የነበሩ ወጣት ነው።