እናት ተክልና ልጆቿ፦ የድንች ዘር ጥበቃ ታሪክ በጎጃም ደጋ

የአገራችን የእርሻ ታሪክ ሲወሳ በቅድሚያ የሚነሡት ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና የመሳሰሉት አዝርዕት ናቸው። እነዚህ በአውድማ ተወቅተው ወደ ጎተራ የሚገቡ፣ ለከርሞ የሚሆነውም ዘር ከመብሉ ተለይቶ የሚቀመጥላቸው ሰብሎች ናቸው። በፍሬ ሳይሆን ከእናቲቱ አካል ተቆርጠው ወይም ተከፍለው የሚራቡት ተክሎች ግን በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ተገቢውን ስፍራ አግኝተዋል ለማለት አያስደፍርም። ሆኖም ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ደብረ ማርቆስና እስከ አዴት ድረስ ያለውን የጎጃም ደጋ ለተመለከተ፣ የብዙ ቤተሰብ ጉሮሮ ከእነዚሁ ተክሎች በአንዱ፣ ማለትም በድንች ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ይገነዘባል።

በፍሬ የሚራባ ተክል ከአባትና ከእናት የተውጣጣ አዲስ ፍጥረት ነው። ከእናቲቱ ተቆርጦ የተተከለው ግን ራሷ እናቲቱ ናት፤ ዕድሜዋ ተራዘመ እንጂ ሌላ አልተወለደም። ስለዚህ የእናቲቱ ጣዕም፣ ምርታማነትና ብርታት ሳይቀነስ ሳይጨመር ወደ ልጆቿ ይተላለፋል። ነገር ግን ደዌዋም እንዲሁ ይተላለፋል። ከአንዲት የታመመች እናት የተገኙ ሺህ ቁራጮች ሺህ ሕሙማን ናቸው። እናት ተክልን የመጠበቅ ጥበብ በየዘመኑና በየአገሩ ሰውን ሲያሳስብ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ የሚገኙ የእንሰት ገበሬዎች የተመረጠችውን እናት ቆርጠው፣ በአሚቾዋ መካከል ያለውን የዕድገት ቡቃያ አውጥተው ከቀበሩ በኋላ፣ ከዙሪያዋ በርካታ ቡቃያዎች እንዲፈልቁ ያደርጋሉ። እንሰት በጎጃምም ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ በሜጫ አካባቢ እንሰት በሚገባ እንደሚለማና ለሕዝቡም ምግብ እንደነበረ ጽፎ አልፏል። ዛሬ በጎጃም ቤቶች ጓሮ የሚገኘው ኮባ በአመዛኙ የሚፈለገው ዳቦ ለመጋገሪያ ለሚሆነው ቅጠሉ ነው። እናቲቱን ጠብቆ የማራባቱ ልማድ ሲዳከም ተክሉ ከገበታ ወጥቶ በምጣድ ላይ ብቻ ቀረ።

ድንች ወደ አገራችን የመጣው ከሩቅ ነው። የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሲሆን፣ በዛሬዎቹ ፔሩና ቦሊቪያ አካባቢ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከዱር ወደ እርሻ ገባ። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ዕድሜውን በአመዛኙ በአድዋና በአካባቢው ያሳለፈው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር እንደሆነና ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 እንደነበረ ይነገራል። ሕዝቡ ግን እንግዳውን ሰብል ወዲያው አልተቀበለውም። መስፋፋት የጀመረው ከክፉ ቀን፣ ማለትም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከደረሰው ታላቅ ረሃብ ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የከብት ዕልቂት በሬውን ከቀንበር ሥር አጥፍቶት ነበር። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ይተዳደር የነበረው ጎጃም ደግሞ በዚሁ ዘመን የጦርነት መከራ ተደራርቦበታል። በዶማ ሊለማ የሚችል፣ በሦስትና በአራት ወር ለምግብ የሚደርስ ሰብል ለእንዲህ ዓይነቱ ዘመን ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ሰብሉ ገባ፤ የዘር ጥበቃው ጥበብ ግን አብሮት አልገባም። የደጋው ገበሬ ለዘር የሚሆነውን ድንች ከሁለት መንገዶች በአንዱ ሲያቆየው ኖሯል። አንደኛው ሳይቆፍሩ በመሬት ውስጥ መተው ነው። ሁለተኛው ትልልቁን ለገበያና ለምግብ ካደረጉ በኋላ ደቃቁን ለዘር ማስቀረት ነው። የኋለኛው ለዓይን ቁጠባ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። በቫይረስ የተያዘ ተክል የሚያወጣው ድንች ትንንሽ ስለሚሆን፣ ደቃቁን የመረጠ ገበሬ ሳያውቀው ሕመምተኛውን መርጧል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ዘሩ ይጃጃል፣ ምርቱም ይወርዳል፤ ገበሬውም መሬቱ ከዳኝ ይላል።

በዚህ ላይ የመጠኑ ነገር አለ። አንድ ሄክታር ስንዴ ለመዝራት አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ዘር ሲበቃ፣ ለአንድ ሄክታር ድንች ሃያ ኩንታል ያህል ያስፈልጋል። የተተከለውም ቢበዛ ዐሥር እጥፍ አካባቢ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ ዝርያ ከጥቂት ድንች ተነሥቶ በተለመደው መንገድ አንድ ወረዳን እስኪያዳርስ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ፤ በእነዚያም ዓመታት ከማሳ ማሳ በሽታ እያጠራቀመ ይሄዳል።

ከአንድ እናት ብቻ የመራባት አደጋ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል አየርላንድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ሌት ብላይት የሚባለው ምች በዚያች አገር የድንች ማሳ ላይ ሲወርድ፣ ድኻው ሕዝብ የተመካው በአብዛኛው ላምፐር በተባለ አንድ ዝርያ ላይ ነበር። ሁሉም የአንዲት እናት አካል ስለነበሩ አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ገደለ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና በተከታዩ ደዌ ሲያልቅ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። እናት መጠበቅ ማለት እንግዲህ አንዲትን እናት ብቻ መጠበቅ ማለት አይደለም።

በአገራችን የድንች ምርምር በተደራጀ መልክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከዓለማያ የወጣው ኤኤል-624 የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበሬዎች ተለቀቀ። በጎጃም የአዴት የእርሻ ምርምር ማዕከል ከተቋቋመ በኋላ፣ ዘንገና እ.ኤ.አ. በ2001፣ ጓሳ ደግሞ በ2002 ከዚሁ ማዕከል ወጡ። ከሆለታ የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉትም ተከተሏቸው። ነገር ግን ዝርያ መልቀቅ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ንጹሕ እናት ሆና የምትቆይለት ከሌለ፣ የዛሬው ምርጥ ዘር ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ቀድሞው የጃጀ ዘር ይሆናል።

ለዚህ ችግር መፍትሔው የተገኘው ተክሉን ከማሳ አውጥቶ ወደ ቤት በማስገባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሞሬልና ማርቲን የተባሉ ፈረንሣውያን ሊቃውንት፣ በቫይረስ ከተያዘ የዳሊያ አበባ ተክል የቡቃያውን እጅግ ደቃቅ ጫፍ ወስደው በብልቃጥ ውስጥ በማሳደግ ንጹሕ ተክል ለማግኘት ቻሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይኸው በድንች ላይ ተሳካ። እ.ኤ.አ. በ1971 በሊማ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ከዚህ ተነሥቶ ከእናት ተክል ቁራጭ እየወሰዱ ዘርን በፍጥነት የማብዛትን ዘዴ አስፋፋ። በቬትናም ደጋ በምትገኘው በዳላት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ተራ የገበሬ ቤተሰቦች ከብልቃጥ የወጡትን እናቶች በየቤታቸው እየጠበቁ ቁራጭ በማምረት ለጎረቤት ይሸጡ ነበር። ሥራው የሊቃውንት ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ከብልቃጥ የወጣው ችግኝ ነፍሳት በማይገቡበት መጠለያ ውስጥ፣ በሙቀት ከተገደለ አፈር ላይ ይተከላል። ጫፉ ሲቀነጠብ ከጎን ቅርንጫፎችን ያወጣል፤ የእነዚህም ጫፍ እየተቆረጠ በእርጥብ አሸዋ ላይ ሲተከል በሁለት ሳምንት ገደማ ሥር ይሰዳል። ዋናው ምሥጢር እናቲቱን ልጅ አድርጎ ማቆየት ነው። ድንች ቀኑ ሲያጥርበት ማደጉን ትቶ ፍሬውን ከመሬት በታች ወደ ማፍራት ያደላል። በደብረ ማርቆስ ኬክሮስ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ጠባቂው በመብራት ቀኑን ማራዘም ይኖርበታል። ይህም የአበባ አልሚዎች ክሪሳንተመም የተባለውን አበባ እናት እንዳያብብ ለማድረግ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ያረጀች እናት ቁራጭዋ ሥር ከመስደድ ይልቅ ትንንሽ ድንች ማውጣት ይቀናዋል፤ በዚህ ጊዜ ሳይራሩ ጥሎ በሌላ መተካት ያሻል። ምላጩም ከአንዲት እናት ወደ ሌላይቱ ሲሻገር መጽዳት አለበት፤ አለዚያ በሽታን የሚያዛምተው የጠባቂው እጅ ይሆናል። አንድ ችግኝ በየወሩ አራት እጥፍ ቢባዛ በስድስት ወር ከአራት ሺህ በላይ ይሆናል። በማሳ ይህን ለማግኘት ዓመታትን መጠበቅ ግድ ነው።

የጎጃም ደጋ ለዚህ ሥራ የታደለ ነው። በጮቄ ብርድ ቫይረስ የሚያመላልሰው ክሽክሽ እንደ ቆላው ስለማይራባ፣ በቤት የተጠበቀው እናት ልጆች ወደ ማሳ ሲወጡ ንጽሕናቸው ይበልጥ ይቆያል። ሆኖም ብርዱ ሁሉንም ይጠብቃል ማለት አይደለም። አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ በብርድ ቦታ ምልክት ሳያሳይ በድንቹ ውስጥ ተደብቆ ሊቆይና ወደ ሞቃቱ ወርዶ ሲተከል ማሳውን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ዘር የሚሸጥ ደገኛ የገዢውን ማሳ አደራ ተቀብሏል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ዘርን የመጠበቅ ሥራ ሰብልን ከማስገባት የማይተናነስ መሆኑን ነው። እናቶቹ በአንድ ቤት ብቻ ከተቀመጡ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ የብዙ ዓመት ድካም በጥቂት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ከአንድ በላይ ዝርያ፣ ከአንድ በላይ ቤት፣ ከአንድ በላይ ጠባቂ ሊኖር ይገባል። የምርምር ማዕከላት ንጹሑን ምንጭ ሲጠብቁ፣ የሠለጠኑ የገበሬ ማኅበራትና የእርሻ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የየአካባቢያቸውን እናቶች ቢይዙ፣ በገበሬው ጓዳም ብትን ብርሃን ማከማቻ ቢሠራ፣ ዘሩ የሚጓዝበት ሰንሰለት ሳይበጠስ ይቀጥላል። ድንች በክፉ ቀን ለደጋው ሕዝብ ደርሷል፤ ለሚመጣውም ትውልድ እንዲደርስ እናቲቱን በጤና ማቆየት የእኛ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው።